ከሮብ ገበያ ቁልቁለት የወደቀው መኪና

ሬሳው የተገኘው ከመኪናው በላይ ነበር። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ፣ አፍንጫውን ወደ ገደሉ ደፍቶ፣ አንድ ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ አቶ እንዳላማው ግን በተበረገደው የጋቢና በር ተወርውሮ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ጋቢው እንኳ አልቆሸሸም። የተጎዳው ጭንቅላቱ ብቻ ነው።

ቀኑ ረቡዕ፣ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው የጠጠር መንገድ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሃምሳ አለቃ አካለ ወልድ ከፖሊሱ ላንድሮቨር ሲወርድ ገሚሱ ሰው ያለቅሳል፣ ገሚሱ ከተበተነው ጭነት ድንች ይለቅማል። እያለቀሱ የሚለቅሙም ነበሩ። አካለ ወልድ አልገረመውም። ሰው ሲወድቅ ማን ምን እንደሚለቅም እያየ ነው በፖሊስነት ያረጀው። ዳዊት ደግሟል፣ አራተኛ ክፍል ደርሷል፤ ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ኮከብ ሲደርቡ እሱ ሃምሳ አለቃ እንደሆነ ቀረ። የስምንተኛ ክፍል ወረቀት የለህም ይሉታል። ሌባ የሚይዘው ወረቀቱ ይመስል።

ሾፌሩ ሙላት ግራ ክንዱ ተሰብሮ በነጠላ ታስሮለት መንገድ ዳር ተቀምጧል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ወደ ሠላሳው የሚጠጋ ሰው ነው። አካለ ወልድ አናቱ ላይ ቆሞ ምን እንዳደረገ ጠየቀው።

«ምንም አላደረግሁ። መሪው እምቢ አለኝ» አለ ሙላት።

«መሪ እንዴት ነው እምቢ የሚለው?»

«ደነደነብኝ። ግድግዳ የምገፋ ነው የመሰለኝ።»

መኪና የገለበጠ ሾፌር ሁሉ ወይ ፍሬኑን ይከሳል ወይ መሪውን። ራሱን የከሰሰ ሾፌር አካለ ወልድን እስካሁን አልገጠመውም። ድንጋዩን እየተደገፈ ወደ መኪናው ወረደ። የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ናቸው። በተሰበረው መስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን አዞረው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ እንዝርት ሾረለት። ከላይ የቆሙትን ገበያተኞች እማኝ እንዲሆኑ ጠርቶ ደግሞ አዞረው።

«አያችሁ? እምቢ ያለው ይሄ ነው?»

አዩ። ስማቸው ተጻፈ። እግረ መንገዳቸውንም የጠዋቱን ጠብ ነገሩት። ሙላት ሮብ ገበያ ላይ መሪው ታሟል፣ ጭነት ይዤ አልወርድም ብሎ ነበር። እንዳላማው በሰው ፊት ፈሪ አለው። የሴት ቀሚስ ልግዛልህ ወይ አለው። ሙላትም መጨረሻ ላይ፣ እሺ፣ የሚመጣውን አብረን እናያለን ብሎ ወደ ጋቢናው ወጣ። አንዱ እማኝ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዛቻ መሆኑን አካለ ወልድ እንዲረዳለት።

አካለ ወልድ ተረዳለት። ከጠብ በኋላ የወደቀ መኪና፣ የሞተ ጌታ፣ ክንዱን ብቻ የተሰበረ ሾፌር፣ እንደ እንዝርት የሚሾር መሪ። ሙላትን በደህናው እጁ በኩል ካስያዘው በኋላ ላንድሮቨሩ ላይ አሳፈረው።

*

የሟች ሚስት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ባሏ በተቀበረ ማግስት ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ጉንጮቿን ነጭታለች። ከኋላዋ ወንድሟ መንግስቱ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆሟል። አላለቀሰችም። ሙላት ይሰቀል አለች። ባሏ በቤቱ አጉርሶ፣ ልብስ ገዝቶ፣ መኪና ያስነዳው ሰው ነው፤ የከፈለው በዚህ ነው። መኪናውም ጤነኛ ነበር፤ ጤነኝነቱን ደግሞ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች አለች።

መንግስቱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«እናንተ ብትለቁት እኛ አንለቀውም።»

ይህን ያለው እንደ ማስፈራራት አይደለም። የአየሩን ሁኔታ የሚናገር ነበር የሚመስለው። ለዚህም ነው አካለ ወልድ ያመነው። በዚህ አገር ደም የተፈላለጉ ሰዎችን ሬሳ ከጥሻ ውስጥ ስንት ጊዜ አንስቷል።

ሻምበል የኔዓለም ጉዳዩን ሰማ። የጣቢያው አዛዥ ነው፤ ከኮሌጅ የወጣ፣ ከአካለ ወልድ የመጀመሪያ ልጅ ብዙም የማይበልጥ። አካለ ወልድን «እርስዎ» ነው የሚለው። ይኸው አክብሮቱ ለአካለ ወልድ ከስድብ ይብስበታል፤ ሽማግሌ ለማኝን የሚያናግር ነው የሚመስለው። ሻምበሉ መሪውን እንዴት እንደሞከረው ጠየቀው። አካለ ወልድ ነገረው።

«ጎማው መሬት ነክቶ ነበር?»

«አየር ላይ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ሞተሩስ ይሠራ ነበር?»

«ገደል የገባ መኪና ሞተር ማን ያስነሳል፣ ጌታዬ?»

ሻምበሉ እርሳሱን አሽከረከረ። ከዚያ በትሕትና፣ መኪናው ከገደል ይውጣ፣ ከመንገድ ሥራ ጋራዥ ባለሙያ ይምጣ፣ እስከዚያ ዶሴው ወደ ዐቃቤ ሕግ አይሄድም አለ። አካለ ወልድ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ያጣራው ጉዳይ ነበር፤ እማኞቹ ፈርመዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ባለወረቀት ሊመጣበት ነው።

*

ባለሙያው ቢያዝን ይባላል። አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ንጹሕ ቱታ የለበሰ፣ ሲያወራ እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት ነው። ዶዘር ጎትቶ ያወጣው መኪና ጣቢያው ግቢ ቆሟል። በሩ ተገንጥሏል፣ መብራቱ ረግፏል፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው፣ የጎማዎቹም ዘንግ አልተጣመመም።

ቢያዝን የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሳና መሪውን አዞረው። ሾረ።

«እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው» አለ አካለ ወልድ።

«ልክ ነው ያዩት፣ ጋሼ። ይሄ ዘንጉ አለመሰበሩን ይነግረናል። ከዚያ ያለፈ አይነግረንም።»

መኪናው አዲስ ዓይነት ነው፣ በማርቆስም ሁለት ወይ ሦስት ቢኖሩ ነው ብሎ አስረዳው። በድሮው መኪና መሪውን የሚያዞረው የሾፌሩ ጡንቻ ብቻ ነበር። በዚህኛው ሞተሩ አንዲት ፖምፓ ያዞራል፣ ፖምፓዋ ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱ የሾፌሩን እጅ ያግዛል። ዘይቱ ማገዙን ካቆመ ጭነት የተጫነው ጎማ በሰው ጉልበት ብቻ ነው የሚዞረው። ሜዳ ላይ ችግር የለውም፤ ቁልቁለት ላይ፣ ጥምዝ ላይ ሲሆን ግን ሰው ጉልበቱን አሰባስቦ እስኪስብ መንገዱ ያልቃል። ስለዚህ መሪው የሚሞከረው ጎማው መሬት ነክቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም ሞቆ ነው።

ክሪኩን አወረደ። ጭነቱን እንዲተኩ የአሸዋ ከረጢቶች አስጫነ። የፖምፓዋን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ፤ አልላላም። ቱቦዎቹን በጨርቅ አበሰ፤ የሚያፈስ የለም። ከዚያ አካለ ወልድን ሾፌሩ ወንበር ላይ እንዲቀመጥለት ለመነው። እሱ ራሱ ሞተሩን አስነስቶ በተከፈተው ኮፈን በኩል ቆመ።

«ያዙሩት፣ ጋሼ።»

አካለ ወልድ መኪና ነድቶ አያውቅም። በሁለት ጣቱ ገፋው፤ ያ ሁሉ ብረትና ጎማ ታዘዘለት። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ደስ አለው፤ ደስታውንም አልደበቀም።

«ጤነኛ ነው» ብሎ ጮኸ።

«አይቸኩሉ። ይሙቅ። ዝም ብለው ያዙሩት።»

አዞረ። ፀሐይዋ ወደ ቀትር ወጣች። ግቢው ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ሃምሳ አለቃቸው የማይንቀሳቀስ መኪና ሲነዳ እያዩ ተጠቃቀሱ። አንዱ ባሕር ዳር ሲደርሱ አሳ ይዘውልን ይምጡ አለ። ሌላው በጾም አሳ ይበላል አይበላም ብሎ ይከራከረው ገባ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር አቃሰተ። ከዚያ መሪው አንዴ ተንገጫገጨ። አካለ ወልድ ወደ ግራ ሲያዞር ግማሽ መንገድ ላይ ቆመበት። ገፋው። በሁለት እጁ ገፋው። ከወንበሩ ተነስቶ በደረቱ ተደግፎ ገፋው። የደረቱ ቁልፍ ተበጠሰ፤ መሪው አልተነቃነቀም። ግድግዳ ነበር።

ሞተሩ እስኪጠፋ ወንበሩ ላይ ቀረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቢያዝን ከቱቦው ጋር ያገናኘውን የግፊት መለኪያ አሳየው፤ መሪው ሲዞር ወደ ላይ መዝለል የነበረበት ቀስት ሥሩ ላይ ተኝቷል። ፖምፓዋ ትዞራለች፤ የምትገፋው ግን የላትም።

«እንግዲህ ምን ጠጥታ እንደሆነ እንይ» አለ ቢያዝን፤ የመሪውን ዘይት መያዣ ክዳን ፈታ።

ዘይቱ ቀይና ጥርት ያለ መሆን ነበረበት። ያለው ግን እንደ ጠላ አረፋ የደፈቀ ቡናማ ነገር ነው። ሽታው ግቢውን ሞላው። አካለ ወልድ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ጾመኛ ነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አይበላም። ሆዱ ከአፍንጫው ቀድሞ አወቀው። ቀይ ሽንኩርት ብቻ ነው የጎደለው።

«ኑግ ነው» አለ።

ቢያዝን ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ በሁለት ጣቱም መሐል አሽቶ ሳበው። እንደ ሙጫ ተሳበ።

*

በማርቆስ ኑግ ከተባለ አቶ ደርቤ ነው። የኑግ መጭመቂያው ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሲያልፉበት ልብስ ይሸታል። በእህል ንግድም የእንዳላማው ባላንጣ ነው። ይህን መኪና እንዳላማው ካመጣ ወዲህ የሮብ ገበያ ገብስ ሁሉ ወደ እንዳላማው ሲፈስ ደርቤ በአህያ ቀርቷል።

አካለ ወልድ ከደርቤ ጋር ሌላም ነገር ነበረው። ደርቤ ልጁን ሲድር አካለ ወልድ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ወጣት መኮንኖቹ ዳሱ ውስጥ ጠጅ ሲቀዳላቸው፣ እሱን አንድ አሳላፊ ትከሻውን ይዞ ከዘበኞቹና ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር በስተውጭ አስቀመጠው። ደርቤ አይቶታል። አይቶትም ፊቱን አዞረ። ያ ሠርግ ካለፈ ሙሽሪት ወልዳለች፣ ልጇም እግር አውጥቷል፤ አካለ ወልድ ግን ያ አግዳሚ ወንበር አሁንም ይቆረቁረዋል።

ስለዚህ ወደ ደርቤ ሲሄድ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ፣ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ጣፋጭ ነገር ማንም አይቸኩልበትም።

ደርቤ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳይነሳ ነው የተቀበለው። እንዳላማው በመሞቱ አዝኗል፣ ቀብርም ደርሷል። መኪናው ሮብ ገበያ ሊወጣ በነበረበት ዋዜማ፣ ማክሰኞ፣ የት ነበርክ ሲባል ግን የሚካኤል ማኅበር ነበርኩ አለ። ማኅበርተኛው ሁሉ ይመስክር።

«ከነፍሰ ገዳይ ቆጠርከኝ? ያንን መኪና ልነካ ሌሊት አጥር ልዝለል?» አለና ሆዱን መታ። «በዚህ ቦርጭ?»

በረንዳው ላይ ያሉት ሳቁ። አካለ ወልድም ሳቀ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ ብሎ ወደ ጓዳ ዘለቀ፤ የደርቤን ሚስት ወይዘሮ የብርጓልን አገኘ። ደግ ሴት ነች። ውሃው ጾም አያስገድፍም ብላ ቀዳችለት። እሱም ስለ ማኅበሩ አመሰገነ፤ የሰሞኑ ዳቦ እንዴት ነበር አለ።

«በሰላም ደርሶናል፣ ተመስገን። የደርቤን ድርሻ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው ራሱ፣ ያን ዕለት ማታ ይዞልን መጣ» አለች።

አካለ ወልድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ማኅበር የተቀመጠ ሰው ዳቦውን እዚያው ነው የሚቀምሰው። ድርሻው ቤቱ የሚላክለት ለቀረ ሰው ነው፤ ለታመመ ወይም መንገድ ለሄደ። ደርቤ አልታመመም።

በረንዳው ላይ ተመልሶ «ተነስ» አለው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለው።

ደርቤን በገበያው መሐል፣ በእግሩ፣ በፖሊስ መሐል አድርጎ ወሰደው። ሌላ አቋራጭ መንገድ ነበር።

*

በማግስቱ ቢያዝን ፖምፓዋንና ዘይት መያዣውን ፈትቶ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው። ሻምበሉም መጥቶ ቆሟል። አካለ ወልድ ገዳዩ ታስሯል ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ ማክሰኞ ማታ ኑግ ጨምሮበታል፣ ነበርኩበት ያለውም ቦታ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።

ቢያዝን ከዘይት መያዣው ውስጥ ያወጣትን የወንፊት ማጣሪያ በሁለት ጣቱ አንስቶ አሳየው። ቀዳዳዎቿ በወርቃማ ቅርፊት ተደፍነዋል። በጥፍሩ ፋቀው፤ ከምጣድ ላይ እንደ ተቃጠለ ዘይት ተላጠ።

«ይሄ የአንድ ማታ ሥራ አይደለም፣ ጋሼ። ኑግ ሲሞቅ ሲበርድ፣ ሲሞቅ ሲበርድ ነው እንዲህ የሚጋገረው። በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመር ሳምንታት አልፈውታል። ማጣሪያዋ ቀስ በቀስ ጠበበች፤ ረቡዕ ዕለት አነቃት።»

ሻምበሉ ወደ አካለ ወልድ አላየም። አለማየቱ ታወቀ። ማክሰኞ ማታ ደርቤ የትም ይሁን የት፣ ነገሩን የማይለውጠው ሆነ።

አካለ ወልድ አንድ ነገር ለማድረግ ያህል የዘይት መያዣውን ክዳን አነሳ። ውጫዊው ሁሉ አቧራና ጭቃ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን አቧራው በሌላ መልክ ተጣብቋል። ቅባት በነካው ጣት የተሠመረ ነገር ነው፤ አንዱ መሥመር ቁልቁል፣ አንዱ አግድም። አንዴ አይደለም የተሠመረው፤ እየተደራረበ ወፍሯል። ወደ ብርሃን አዘነበለው። የአብነት ተማሪ ሳለ መምህሩ ግንባሩ ላይ ሲያሠምሩ የኖሩት ነው።

ሰው ሊገድል ዘይት የሚገለብጥ ሰው ክዳኑ ላይ መስቀል አይቀባም።

እስር ቤት ሄዶ ሙላትን ጠየቀው። ሙላት ዘይቱ ጎድሎ እንደነበር ለጌታው ነግሮታል። ግቢያቸው ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሕመሙ እዚህ ነው ብሎ አሳይቶታል። ከቀናት በኋላ ሲያየው ሞልቶ ነበር፤ ጌታዬ ናቸው የሞሉት ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላም ሞልቶ ነው የሚያገኘው። ሽታውን አላስተዋልክም ወይ ሲባል፣ በሁዳዴ ኑግ የማይሸት ምን አለ ብሎ መለሰ።

«ሕመሙን ስታሳያቸው ሌላ ማን ነበር?»

ሙላት አሰበ። «እትዬ ነበሩ። በረንዳ ላይ ቆመው።»

*

ደርቤን ከመልቀቁ በፊት የቀረውን ማጣራት ነበረበት። ደርቤ ማኅበሩን ትቶ የት እንደነበር በመጨረሻ ተናገረ። ቁይ ከተማ አቅራቢያ አንድ ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ገበያው ይመለስለት ዘንድ። በሚካኤል ዕለት፣ ያውም በሁዳዴ። ይህን የማኅበሩ ሙሴ ቢሰማ ደርቤ ከማኅበር ይወጣል፣ ከቄሱም ንስሐ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው የዋሸው።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን አራገፈ።

«ሃምሳ አለቃ፣ በልጄ ሠርግ ውጭ ስላስቀመጥኩህ ነው አይደል?» አለው። «ያኔ አላየሁህም መስሎህ ከሆነ፣ አይቼሃለሁ። ቦታ አልነበረም።»

አካለ ወልድ የእስር ቤቱን በር ዘጋ። ቦታ እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

*

ወለተ ኪዳን ቤት ሲደርስ ለቀስተኛው ቀለል ብሏል። ግቢው ውስጥ መኪናው የሚያድርበት ሥፍራ ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ የጎማው ዱካ አለ። ወለተ ኪዳን አካለ ወልድ ከተቀመጠበት ፊት ለፊት ባለው መደብ ላይ ተቀመጠች።

አካለ ወልድ ነገር ማዞር አልወደደም። መኪናው ላይ መስቀል አይቻለሁ አላት።

ፊቷ ላይ ከቀብሩ ወዲህ ያላየው ነገር ታየ፤ ኩራት ነበር።

«አዩት? እግዚአብሔር አሳየዎት። እኔ ነኝ የቀባሁት።» ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ሙላት መሪው ታሟል ሲል ሰማሁ። ከጥሩው ኑግ አስጨመቅሁና ለአንድ ባሕታዊ ወሰድኩ። ሱባኤ ይዘው ጸለዩበት። ቅብዓ ቅዱስ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ለሰው ሕመም የሚሆነው ለመኪና ያንሳል? ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ እንዳላማው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ያቺን ክዳን ከፍቼ ጨመርኩ፣ በላይም ቀባኋት። ለእሱ አልነገርኩትም። ያፌዝብኛል።»

አካለ ወልድ ማስታወሻውን አወጣ።

«እንግዲህ ይህን ጻፉት» አለች። «የተቀባ መኪና በራሱ ገደል አይገባም። ካልገፋው ሰው በቀር። ለዚህ ነው ጤነኝነቱን አውቃለሁ ያልኳችሁ። ሙላት ነው።»

መንግስቱ በር ላይ ቆሞ፣ ልክ ናት በሚል፣ ራሱን ነቀነቀ።

አካለ ወልድ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

*

ሻምበሉ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሴትየዋ ላይ ክስ አይመሠረትም አለ፤ የበጎ አሳብ ስሕተት ነው። ሙላትም ይፈታል። ዶሴው ላይ ባልታወቀ እጅ የተሳሳተ ዘይት ገብቶ ነው ቢባል ይበቃል፤ ይችን ሴት ምን ደግመን እንገድላታለን አለ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ብለን ከፈታነው ሙላት ሳምንት አይቆይም» አለ አካለ ወልድ። «ያልታወቀ እጅ ብንል ሰዎቹ የሚያውቁት አንድ እጅ ብቻ ነው። መንግስቱ ጠብቆ ይገድለዋል።»

ሻምበሉ ዞረ። «ታዲያ ማን ይንገራት?»

«እኔ።»

ደግ ሆኖ አልነበረም። ሻምበሉ ቢሄድ በመልካም ቃል ሸፍኖ ይናገራል፤ በመልካም ቃል የተሸፈነ ነገር ደግሞ እንዲህ ያለች ሴት ጆሮ አይገባም። ሰው በሰበብ አስባቡ ዝቅ አድርጎት የኖረ ሰው ቢያንስ ክፉ ነገር በቀጥታ መናገር ይችላል።

ወንድምየውም እንዲሰማ አስቀመጠው። ማጣሪያዋን ይዞ ነበር የሄደው፤ መሶብ ክዳን ላይ አኖራት። ስለ ፖምፓዋ፣ ስለ ዘይቱ፣ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪው እንዴት እንደ ቆመበት ነገራት። ገደል ውስጥ ወርዶ መሪው ይሾራል ያለው እሱ እንደሆነና እንደተሳሳተም ነገራት። ጸሎቱን አልነካውም። ጸሎቱ ደህና ነው፣ ዘይቱ ነው ለማሽን የማይሆነው አለ።

ወለተ ኪዳን ማጣሪያዋን አነሳች። ወርቃማውን ቅርፊት በጥፍሯ ፋቀች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መንግስቱ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር እጇን አነሳችበት።

«ሙላት ያውቃል?» አለች።

«አልነገርነውም።»

«ንገሩት። ከዚያ ነገ ፍቱት» አለች፤ ተነስታም ወደ ውስጥ ገባች።

*

ቅዳሜ፣ የማርቆስ ገበያ ቀን ነበር። ሙላት ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ ወለተ ኪዳን በጥቁር ቀሚሷ ከበሩ ማዶ ቆማ ጠበቀችው። አጠገቧ መንግስቱ የተጫነች በቅሎ በልጓሟ ይዟል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። አካለ ወልድ እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ።

ሙላት አያት፤ ቆመ። ራቅ ብሎ እጅ ነሣ። ወደ እሱ ሄደች፤ አካለ ወልድም ለመስማት ቀረበ።

«መሪው እምቢ ሲልህ እንዳላማው ምን አለ?» አለችው።

ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀውም ነበር። አካለ ወልድም አልጠየቀውም።

ሙላት የተሰበረ ክንዱን በሌላው ያዘ። «አልተቆጡም፣ እትዬ። እጃቸውን ከእጄ ጋር መሪው ላይ ጨመሩ። ሳብ፣ አይዞህ፣ ሳብ አሉኝ። አብረን እየሳብን ሳለ ነው በሩ የተከፈተው።»

እየሰማችው ራሷን ዝቅ አደረገች። ለቅሶ አልነበረም፤ ቃሉን ወደ ውስጥ የምታስገባ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«መንግስቱ፣ አውጣው በቅሎዋ ላይ። ክንዱን ተሰብሮ በእግሩ አይሄድም።»

መንግስቱ አመነታ። እኅቱን አየ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ለመተኮስ አልነበረም፤ እንዳያስቸግረው ለእኅቱ ሰጣት። ሙላትን ወገቡን ይዞ ኮርቻው ላይ አወጣው። ልጓሙን ጎተተ።

አቋራጭ መንገድ ነበር። ወለተ ኪዳን በገበያው መሐል እንሂድ አለች። ወንድሟ ከፊት እየሳበ፣ ሙላት በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ የወንድሟን ጠመንጃ ይዛ ከጎን በእግሯ እየሄደች በገብስ ሻጮች፣ በጨው ሻጮች፣ በደርቤ በረንዳ በኩል አለፉ። የሚጮኸው ገበያ በደረሱበት ሁሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሷም ሁሉም አይቶ እስኪጨርስ ድረስ አልፈጠነችም።